ነጠብጣቡ በር

«በር ነው ግድግዳ?»

ግንበኛው ቱሉ ይህን ሲጠይቅ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። መልስ ባጣ ቁጥር ሌላ ሌላውን እየገነባ ዙሪያውን ጨርሶታል። ኪቶ ዳገቱ ላይ የሚሠራው አዲሱ የአባቦራ ቤት ጉበኑ ላይ ደርሶ፣ በመንገድ በኩል ያለችው የጎን ክፍል ብቻ እንደ ወላቃ ጥርስ ተከፍታ ቀርታለች። አንዱ ክፍተት ወደ መንገድ ያወጣል፣ ሌላው ወደ ሳሎን ያስገባል። ክፍተት ሁለት፣ ውሳኔ ግን አንድም የለም።

«ዝናቡ እኮ እኛን አያስፈቅድም፣ ያ አባቦራ» አለ ቱሉ የግንብ ማንኪያውን በሱሪው እየጠረገ። «ግንቦት ገባ። ማል ጎና? ምን እናድርግ?»

አባቦራ ዱላቸውን ተደግፈው በአንዱ ክፍተት መንገዱን አዩ። ዞረው በሌላው ሳሎኑን አዩ።

«እስኪ ሬዲዮኑ የሚለውን እንስማ» አሉ።

ሬዲዮኑ የሚለውን መጋቢት ላይ ብሎ ጨርሷል። ቅይጥ ኢኮኖሚ ብሏል። ሰው ቤት ሠርቶ ማከራየት ይችላል ብሏል። ጅማ ይህን ስትሰማ እልል አላለችም፤ መጀመሪያ ግራና ቀኟን አየች። ይኸው ሬዲዮ በሐምሌ ስልሳ ሰባት፣ በዚሁ በደህናው ድምፁ፣ ትርፍ ቤት ሁሉ የመንግሥት ነው ብሎ ነበርና። አባቦራ በጅማው መርካቶ ከጨርቅ ተራው ጀርባ፣ ባንድ ጣሪያ ሥር የተደረደሩ አምስት የኪራይ ክፍሎች ነበሯቸው። ያን ጊዜ አምስቱም ተወሰዱ። ከዚያ ወዲህ የሬዲዮ ነገር በተነሣ ቁጥር፣ «በአፉ የወሰደ በአፉ ቢመልስ ምን ይገርማል? የሚገርመው የሚያምነው ነው» ይላሉ። ይህን ብለው ግን ሬዲዮኑን አይዘጉትም።

ነገሩ ሲጨመቅ ይኸው ነው። የጎኗ ክፍል ከተከራየች በሯ ወደ መንገድ ይሆንና የሳሎኑ ይደፈናል። ካልተከራየች የመንገዱ ተደፍኖ የሳሎኑ ይቀራል፤ የቤተሰብ መኝታ ትሆናለች። ባለቤታቸው ባህሪያ የኪራይ ወገን ናቸው። አንድ ሻለቃ መጥቶ ክፍሏን በእርምጃ ለክቶ፣ ደስ ብሎት ሄዷል።

«ቡናው በኮታ፣ ሲሚንቶው በኮታ» ይላሉ ባህሪያ፤ «ያለ ኮታ የቀረው ያንተ ሐሳብ ብቻ ነው። ወስንና አሳርፈን!»

ክፍሏ አራት ዓመት የጠበቋት ሌሎች ሁለት ሰዎች እንዳሏት ግን ሻለቃውም ባህሪያም አልጠረጠሩም።

አንደኛዋ የቤቱ ልጅ ፈድሊያ ናት። ሸቤ ታስተምራለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በቡና ጭነት መኪና ጋቢና ተቀምጣ ጅማ ትመጣለች። ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው። በጎረቤቶቿ አቆጣጠር ሃምሳ ሞልቷታል። ሁለተኛው ከሊል ነው። ማዘጋጃ ቤት የቤት ፕላን ነዳፊ ነው፤ የዚህንም ቤት ፕላን ከአራት ዓመት በፊት በነጻ የሣለው እሱ ነው። አባቦራ በነጻ የተሠራላቸውን ሲያዩ፣ «ልጁ ሰው አክባሪ ነው» አሉ። ሰው አክባሪነቱ በየትኛው መስኮት በኩል እንደሚያይ አልጠየቁም።

የከሊል ችግሩ የተወለደበት ቦታ ነው። የተወለደው ከአምስቱ ክፍሎች ሦስተኛዋ ውስጥ ነው። እናቱ አዴ ዘሀራ የአባቦራ ተከራይ ነበሩ። አዋጁ ሲመጣ ክፍሏ የቀበሌ ሆነች፣ እሳቸውም የቀበሌ ተከራይ ሆነው እዚያው አሉ። አባቦራ ይህን እንደ ውርስ ነው የሚቆጥሩት። «እኔ ሳልሞት የወረሰችኝ ሴት» ይሏቸዋል።

ታሪኩን ፈድሊያ ከልጅነቷ ጀምሮ ከእንጀራ ጋር ነው የጎረሰችው። በአዋጁ ሳምንት አባቦራ አንድ ብልሃት አሰቡ። ሰው አንድ ቤት ይፈቀድለታል ተብሏል፤ እንግዲያው አምስቱ ክፍሎች አንድ ቤት ቢሆኑስ? ተከራዮቹ ከነጓዛቸው እንደተቀመጡ በየመካከሉ ግድግዳ ሰው የሚያሾልክ ቀዳዳ አስፈለጡ። ከአጋሮ ታላቅ ወንድማቸውን አስመጡና፣ «የወንድሜ ባለ አምስት ክፍል መኖሪያ ነው፤ እነዚህ ዘመዶቹ ናቸው» ሊሉ ተዘጋጁ። የቆጠራው ሰዎች መጡ፣ ገቡ፣ ወጡ፤ አምስት ትርፍ ቤት ብለው ጽፈው ሄዱ። አባቦራ እስከ ዛሬ የሚያውቁት አንድ ነገር ነው። ቆጣሪዎቹ ረጅም ጊዜ የቆሙት ዘሀራ ክፍል ውስጥ ነበር። በሩን ቆጥራ የሰጠቻቸው ዘሀራ ናት።

በዚያ ላይ በዚያ ዘመን ጅማ ላይ ቤት መከራየት ክልክል፣ የቀበሌ ቤት ማግኘት ወረፋ ነበር። ሌላው ዓለም ፍቅረኞችን የሚለያየው በባሕርና በጦርነት ነው። ፈድሊያንና ከሊልን የለያያቸው አራት ሜትር በአራት ሜትር ነው።

ፕላኑ በሁለቱ መካከል እንደ ፖስታ ያገለግል ነበር። አባቦራ፣ «ይህን ያስተካክል» ብለው በልጃቸው እጅ ይልኩታል፤ ከሊል አስተካክሎ በእሷው እጅ ይመልሰዋል። ጀርባው ላይ በቀጭን እርሳስ ይጻጻፋሉ። የጎኗን ክፍል ሁለት በሮች በነጠብጣብ ነበር የሣላቸው።

«ምን ማለት ነው ነጠብጣቡ?» ብላ ጠይቃው ነበር።

«አሁን የሌለ፣ ግን ሊኖር የሚችል ማለት ነው።»

«እንደኛ?»

ከሊል ቀና ብሎ አያት። መልሱን ያገኘችው ከዓይኑ ነው፤ ሸቤ እስክትደርስ የመኪናው መንገጫገጭ አልታወቃትም።

*

ቱሉ በጠየቀበት ሳምንት ቅዳሜ ከሊል ፕላኑን ጠቅልሎ ይዞ ኪቶ መጣ። አባቦራ ብቻውን ወደ ብሎኬቱ ክምር ወሰዱት። ፈድሊያ ከሳሎኑ ክፍተት ሆና አየቻቸው። አባቷ እጃቸውን ትከሻው ላይ ጣሉ። እንዲህ ሲያደርጉ አይታ አታውቅም። ከሊል አንገቱን ደፍቶ ነበር። ከዚያ ራሱን ነቀነቀ፤ አንዴ፣ ቆየት ብሎ እንደገና።

በአጠገቧ ሲያልፍ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «በሚቀጥለው እሑድ ሽማግሌ ይመጣል፣ ኢንሻአላህ» አላት። ፊቱ ግን እንደ ደስታ አልነበረም። ደስታን ገዝቶ ዋጋውን ገና የሚያሰላ ሰው ፊት ነበር።

ማታውን እናቷ እንጀራ አስቀርበው ሲበሉ፣ «ተመስገን፣ አባትሽ ወሰነ» አሏት። «የሳሎኑን በር አጥፋው ብሎታል ልጁን። የመንገዱ ይቀራል። ሻለቃውም እንግዲህ…»

ማክሰኞ ፕላኑ በሾፌር እጅ ሸቤ ደረሳት። የመምህራን ክፍል ውስጥ ዘረጋችው። የሳሎኑ በር የለም። በላጲስ ተፍቆ ግድግዳ ሆኗል። የመንገዱ በር ነጠብጣቡ ተገጣጥሞ ወፍራም ጥቁር መስመር ወጥቶለታል። ጀርባው ላይ እንዲህ ይላል፤

«የሳሎኑ በር ቀርቷል። አባትሽ ፈልገው ነው፤ እኔም ተስማምቻለሁ። እሑድ ሁሉንም ትሰሚያለሽ።»

ከሊል ደስታውን በአጭሩ የሚጽፍ ሰው ነበር። ሁለት መስመር ቢጨምር ኖሮ ይህ ታሪክ እዚሁ ላይ በዘፈን ያልቅ ነበር።

ፈድሊያ የገባት ሌላ ነው። ክፍሏ ለሻለቃው ሄዳለች፤ ያሳለፋት ደግሞ ከሊል ራሱ፣ በገዛ ላጲሱ ነው። የትከሻው እጅ፣ የተደፋው አንገት፣ ሁለት ጊዜ የተነቀነቀው ራስ፣ ሁሉም አንድ ላይ ገጠመላት። አስተማሪ ናትና የተሳሳተውን መልስ በሚያምር ጽሑፍ ጻፈችው።

«ከሊል፤
አራት ዓመት የጠበቅናትን ክፍል በአንድ ላጲስ ሰጠሃት። ሻለቃውን እንኳን ደስ ያለህ በልልኝ። እኔ አባቴን ስለምፈራ ዝም አልኩ፤ አንተ ማንን ፈርተህ ነው? ለነገሩ ለምን ይገርመኛል። እናትህ በሮቻችንን ቆጥራ ለመንግሥት ሰጠች። አንተ ደግሞ የቀረችንን አንዲት በር ቆጥረህ ለወታደር ሰጠህ። በር መቁጠር በናንተ ቤት የዘር ነው መሰለኝ።
ፈድሊያ።»

ፖስታውን ያሸገችው መልሳ ሳታነበው ነው። የሚመለሰው ሾፌር ሞተሩን አስነሥቶ ይጠብቃት ነበር፤ ንዴቷም እንደሱ። መኪናው ከታጠፈው መንገድ ወዲያ ሲሰወር የመጀመሪያው ጸጸት መጣባት፤ ግን ገና ትንሽ ነበርና ኩራቷ አሸነፈው።

*

እሑድ ጠዋት ሽማግሌዎቹ ኪቶ መጡ። ሦስት ናቸው፤ መሪያቸው ሙሐመድሳኒ ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ናቸው። ሽማግሌ የሚቀበሉት በሚኖሩበት ቤት ነው እንጂ ጣሪያ በሌለው ግንብ አይደለም። አባቦራ ግን «አዲሱን ቤት ይዩልኝ» ብለው ብሎኬት ላይ ምንጣፍ አስነጥፈው፣ እዚያችው የጎን ክፍል ውስጥ አስቀመጧቸው። በልማዱ ሙሽራው ከሽማግሌ ጋር አይመጣም። አባቦራ ግን፣ «ነዳፊው ይምጣ፤ ፊርማ አለ» ብለው አስጠርተውታል።

ፈድሊያና እናቷ ሳሎኑ ውስጥ፣ ገና ካልተደፈነው ክፍተት ዳር ቆመዋል። ከሊል ጥጉ ላይ ተቀምጧል። ወደ ክፍተቱ አንድ ጊዜም አላየም።

ሙሐመድሳኒ ቢስሚላህ ብለው ጀመሩ። የልጁን ጠባይ፣ የልጅቷን ጨዋነት፣ የሁለቱን ቤተሰብ ትውውቅ አነሡ። ሊያስረዝሙት አስበው ነበር። አባቦራ ቆረጡት።

«አልከለክልም» አሉ።

ሽማግሌዎቹ ደነገጡ። ከሊል ብሎኬቱ ክምር አጠገብ የተባለውን አልነገራቸውም፤ ለእምቢታ ነበር የተዘጋጁት።

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ ሙሐመድሳኒ። «እንግዲህ…»

«ይህችን ክፍል እሰጣቸዋለሁ። ለዚህ ነው የሳሎኑን በር ያስጠፋሁት። ለብቻቸው ይግቡ፣ ለብቻቸው ይውጡ።»

ፈድሊያ ግድግዳውን ያዘች። የተፋቀው በር የእሷ ነበር። ሻለቃ የለም። ክፍሏ ለሻለቃ የሄደችው እናቷ አፍ ውስጥና እሷ ንዴት ውስጥ ብቻ ነው። ዓይኗ ከሊልን ፈለገ፤ ደብዳቤው ደርሶት ይሆን? «ያ አላህ፣ መኪናው ተበላሽቶ በሆነ፣ ፖስታው ወድቆ በሆነ» አለች በልቧ። ከሊል መሬት መሬት ያያል። የኮቱ ኪስ ጫፍ ላይ የምታውቀው ፖስታ ብቅ ብሏል።

«ግን» አሉ አባቦራ፣ ከጉያቸው የታጠፈ ወረቀት እያወጡ፤ «እኔ አንዴ የተነከስኩ ሰው ነኝ። ይፈረማል።»

ሙሐመድሳኒ መነጽራቸውን አደረጉ። ወረቀቱን አነበቡ፣ ከዚያ አገላብጠው አዩት፣ ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ።

«አባቦራ፣ ይሄ እኮ የቤት ኪራይ ውል ነው።»

«ነው።»

«እኛ የመጣነው ለኒካህ ነው።»

«ኒካህም ውል ነው፣ ኪራይም ውል ነው። ምኑ ከበደህ?»

አንደኛው ሽማግሌ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ደበቁ። «ሱብሐነላህ፣ ይሄ ሰውዬ አማች አይደለም የሚፈልገው፣ ደንበኛ ነው» አሉ ለጎረቤታቸው፣ ሁሉም በሚሰማው ሹክሹክታ።

«ሳቁ!» አሉ አባቦራ። «ያለ ኪራይ የተቀመጠ ሰው ነገ አዋጅ ሲገለበጥ ቀበሌ ሄዶ ቤቱ የኔ ነው ይላል። ተከራይ ግን ፈርሟል፤ የሰው ቤት መሆኑን ያውቃል። ኪራዩ ለስሙ ነው። ለወረቀቱ ነው የምፈልገው።»

«አውቀዋለሁ፣ አባቦራ» አለ ከሊል። አፉን ሲከፍት የመጀመሪያው ነው። «ነግረውኛል፤ ተስማምቻለሁ። ተከራይ ሆኜ ተወልጃለሁ፣ ተከራይ ሆኜ ባገባ አዲስ አይሆንብኝም። ያንብቡት፣ እፈርማለሁ።»

ፈድሊያ ያኔ የትከሻው እጅና የተደፋው አንገት ምን እንደነበሩ ገባት። ያን ቀን ብሎኬቱ ክምር አጠገብ ከሊል እሷን አልሰጠም። ራሱን ነበር የሰጠው።

ሙሐመድሳኒ ማንበብ ቀጠሉ። ተከራዩ በየወሩ መጀመሪያ ይከፍላል። ተከራዩ ቤቱ የኔ ነው ብሎ በማንም ፊት አይመሰክርም። ተከራዩ ግድግዳ አይበሳም። ከሊል በያንዳንዱ ላይ «እሺ» ይላል። ሰባተኛው ላይ ሙሐመድሳኒ ቆሙ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ተከራዩ… ከሚስቱ በቀር ሌላ ዘመድ፣ በተለይም ወላጅ፣ በቤቱ አያሳድርም፣ አያስገባም።»

ከመንገዱ የጋሪ ደወል ተሰማ፣ አለፈ።

«እስኪ ይድገሙልኝ» አለ ከሊል።

ደገሙለት።

«ይሄኛውን አልነገሩኝም፣ አባቦራ።»

«አሁን ነገርኩህ።»

«እናቴ ከኔ ሌላ ሰው የላትም።»

«አላህ ያቆያት፤ ባለችበት ትቆይ። በዚህ በር ግን አትገባም።» አባቦራ ዱላቸውን ወለሉ ላይ መቱ። «እናትህ በር መቁጠር ታውቃለች። አንድ ጊዜ ቆጥራልኛለች፣ ይበቃኛል። በናንተ ቤት የዘር ነው!»

ከሊል ቀስ ብሎ ተነሣ። ከኪሱ ፖስታውን አወጣ። አልከፈተውም፤ እጁ ላይ እንደሚመዝነው ያዘው።

«ይህን ቃል በዚህ ሳምንት ስሰማው ሁለተኛዬ ነው» አለ። «መጀመሪያ ሳነበው፣ ተናዳ ነው አልኩ። ንዴት ያልፋል አልኩ። ቃሉ የሷ መስሎኝ ነበር። የቤታችሁ ዕቃ መሆኑን አላወቅኩም።»

ያኔ ነው ወደ ክፍተቱ ያየው። አራት ዓመት ስታውቀው እንዲህ አይቷት አያውቅም። ቁጣ ቢሆን ትችለው ነበር። የጠፋበትን ነገር አስቀምጦት ከነበረው ቦታ ያጣ ሰው እይታ ነበር።

«ከሊል፣ እኔ ሳላውቅ…» አለች።

«ተይው። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አልፈርምም። እናቴ ክፍል ውስጥ ሦስታችን እንተኛለን፤ ይጠባል እንጂ እንተኛለን። ግድግዳውን ቀዶ የሄደውን ሰው ልጅ እናቴ እጇን ዘርግታ ትቀበላለች፤ አውቃታለሁ። ትመጫለሽ?»

ሽማግሌዎቹ አፋቸውን ያዙ። እንዲህ ያለ ነገር በሽማግሌ ፊት ለሴት ልጅ አይጠየቅም። ባህሪያ የልጃቸውን ክንድ ጨበጡ።

ፈድሊያ «አዎ» ልትል ነበር። ቃሉ ደረቷ ላይ ነበር፣ ይህን በኋላ ለራሷ ሺህ ጊዜ ምላለታለች። ግን ከቃሉ በፊት ሌላ ነገር መጣባት፤ ያቺ ጠባብ ክፍል፣ የጋራ ሽንት ቤቱ፣ ወረፋው፣ «የአባቦራ ልጅ የአባቷ ተከራይ ቤት ገባች» የሚለው የመርካቶ ሳቅ። ሳታስበው ዞር ብላ አባቷን አየች።

አንዲት እይታ ናት፤ ሦስት ትንፋሽ አትሞላም። ስትመለስ ከሊል ፖስታውን ኪሱ ከቶ ነበር።

«ገባኝ» አለ፣ ድምፁ ለስልሶ። ድምፁ ባይለሰልስ ይሻላት ነበር። ወደ አባቦራ ዞረ። «ፕላኑን ለማዘጋጃ ቤት ማስረከብ አለብኝ። የትኛው በር ነው የሚቀረው?»

«ሁለቱም ይደፈኑ!» ብለው ጮኹ አባቦራ። «ኪራይም አይሁን፣ መኝታም አይሁን! ነገሩ እስኪጠራ ድረስ ይደፈኑ!»

ከሊል በመንገዱ ክፍተት ወጣ። ፈድሊያ በሳሎኑ ክፍተት ቆማ ቀረች። በሁለቱ ክፍተቶች መካከል አራት ሜትር ብቻ ነበር፤ ያን ያህል ሩቅ ነገር አይታ አታውቅም።

*

በሳምንቱ ቅዳሜ ከሸቤ ስትወርድ ወደ ኪቶ አልሄደችም። መርካቶ ገባች፣ በጨርቅ ተራው ጀርባ ዞረች፣ የሦስተኛዋን ክፍል በር አንኳኳች። በዕድሜዋ የመጀመሪያዋ ነው።

አዴ ዘሀራ የሶላት ኮፍያ እየሰፉ ነበር። ቀና ብለው አዩዋት፤ አልደነገጡም።

«ነይ፣ ግቢ። በሩ ዝቅ ይላል፣ ጭንቅላትሽን።»

ፈድሊያ ገባች። አንድ አልጋ፣ አንድ ሳጥን፣ አንድ የሥዕል ማስመሪያ ጠረጴዛ። ጠረጴዛው ባዶ ነው።

«ከሊል የለም?»

«ጎሬ ማዘጋጃ ቤት ነዳፊ ሲፈልጉ ከርመዋል። እምቢ እያለ ነበር። ሐሙስ እሺ ብሎ ሄደ።» መርፌያቸውን ኮፍያው ላይ ሰኩ። «አንቺን ምን እንዳገኘሽ አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅኩም። ልጄ ሲከፋው ፕላን ይጠቀልላል፣ አይናገርም።»

«አዴ ዘሀራ፣ እኔ ልመልስለት ነው የመጣሁት። እመጣለሁ ልለው።»

«ሐሙስ ነበር የሚባለው፣ ልጄ» አሉ አዴ ዘሀራ።

በዚህ መካከል ከግድግዳው ውስጥ ድምፅ መጣ። «ዘሀራ! ጨው አለሽ?» ከሳጥኑ በላይ የተንጠለጠለው ጨርቅ ገለጥ አለና የሴት እጅ፣ ከእጁ ቀጥሎ ፊት ብቅ አለ። ፊቱ ፈድሊያን አይቶ፣ «ኤ፣ እንግዳ አለሽ? ማነች?» አለ።

«የአባቦራ ልጅ ናት፣ ሀዋ።»

«የቀዳዳው?» አለች ሀዋ፤ ሳቀች። «አላህ ይስጣቸው። አስራ አምስት ዓመት በሳቸው ቀዳዳ ጨው ተበደርንበት፣ ልጅ አሾለክንበት፣ እኔ ምጥ ሲይዘኝ አዋላጇ የመጣችው በሱ ነው። ቀበሌ ይደፈን ሲል እምቢ አልን።» ጨውዋን ተቀብላ ጨርቁን መለሰች።

ፈድሊያ ግድግዳውን ፈዛ አየችው። አባቷ በዕድሜያቸው በሰውና በሰው መካከል የከፈቱት በር ቢኖር እሱ ብቻ ነው። ያንንም ለመዋሸት ነው የከፈቱት።

«እውነት እርስዎ ነዎት የቆጠሩላቸው?» ብላ ጠየቀች።

«ምኑን?»

«በሩን። ስልሳ ሰባት ላይ።»

አዴ ዘሀራ መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው ኮፍያውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። «ለዚህ ነው እንግዲህ አባትሽ ሰላምታዬን የማይመልሱት?» አሉ። «ወላሂ፣ አንድ ቃል አልተናገርኩም። ምን ብዬ? ሰዎቹ ሲገቡ እየጠረግኩ ነበር። አባትሽ በዋዜማው ነው አስፈልጠው ጠርዙን በጭቃ ያስለሰኑት፤ የግድግዳው ጭቃ እዚህ አልጋዬ ላይ ነበር፣ ሽሮዬ ውስጥ ነበር፣ ጸጉሬ ላይ ነበር። አንደኛው ሰውዬ ቀዳዳውን አየ፣ እኔን አየ፣ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ለዚያ ነው የቆዩት። ጭቃው ገና እርጥብ ነበር እኮ፣ ልጄ። እርጥብ ጭቃ ምስክር ይፈልጋል?»

ፈድሊያ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ደብዳቤዋ ቃል በቃል ትዝ አላት፤ ኮማው፣ ነጥቡ፣ የሚያምረው ጽሑፏ ሳይቀር። ልታለቅስ ፈልጋ ነበር። እኚህ ሴት ሊያጽናኗት እንደሚነሡ ስታስብ ዕንባዋ አፈረና ተመለሰ።

«ለአባትሽ አትንገሪያቸው» አሉ አዴ ዘሀራ። «ሸምግለዋል። ሰው ሲሸመግል የሚያማርረው ሰው ያስፈልገዋል።» ከአልጋው ሥር የተጠቀለለ ወረቀት አወጡ። «ይህን ለአባቦራ ቤት ስጪ ብሎ ትቷል። ደብዳቤ የለውም፤ አይቼዋለሁ።»

*

ኪቶ ስትደርስ ቱሉ በአንዲቷ የቀረች መስኮት እየወጣ ነበር። የጎኗን ክፍል ሁለቱን በሮች ከውስጥ ደፍኖ ሲጨርስ መውጫ ያለመኖሩን ያኔ ነው ያስተዋለው። አንድ እግሩ ውስጥ፣ አንድ እግሩ ውጭ ሆኖ ማንኪያውን በጥርሱ ነክሷል።

«ያ አባቦራ፣ ሃያ ዓመት ገንብቻለሁ፤ በሕይወት ያለ ሰው እንዲህ ያለ ክፍል አሠርቶኝ አያውቅም» አለ ወርዶ። «ይሄ ለምንድን ነው የሚሆነው?»

«ለቆጠራ» አሉ አባቦራ። ደስ ብሏቸው ነበር። ዱላቸውን ይዘው ክፍሏን ዞሯት። «ቆጣሪ ቢመጣ በር ፈልጎ ያጣል። በር የሌለው ቤት ቤት አይባልም፤ ቤት ያልተባለ አይወሰድም። ከፈቀዱም አንድ ቀን እከፍተዋለሁ። አየሽ ፈድሊያ? ከዚህ ወዲያ ማን ምን ይወስድብኛል?»

የመርካቶው እርጥብ ጭቃ ነገር የፈድሊያ ምላስ ጫፍ ደርሶ ነበር፤ የእሳቸውን ደስታ አየችና ዋጠችው። ወደ መስኮቱ ሄደች። አራት በአራት። አልጋው እዚያ ጥግ ነበር የሚሆነው፤ የከሊል ጠረጴዛ ከብርሃኑ ሥር፤ የአዴ ዘሀራ መደብ ደግሞ በዚህ በኩል። ከዚህ በፊት አስባበት የማታውቀው ቦታ ነው፤ አሁን ሲታሰብ ግን ሰፊ ነበር።

የመስኮቱ ደፍ ላይ ፕላኑን ዘረጋችው። ከሊል ሥራውን ጨርሷል። የመንገዱ በር ግድግዳ፣ የሳሎኑ በር ግድግዳ። ጀርባውን ገለበጠች፤ የአራት ዓመት ጽሑፋቸው ሁሉ በላጲስ ተጠርጎ ወረቀቱ ነጭ ሆኗል። እንደገና ገለበጠችው። ሳታስበው ጣቷን የሳሎኑ በር በነበረበት ላይ አስኬደች።

ዓይን የማያየው ነገር እዚያ ነበር። ላጲስ ጥቁሩን ይፍቃል እንጂ እርሳሱ የወጋውን አይሞላም። የነጠብጣቡ ትናንሽ ስርጉዶች፣ አንዷ ካንዷ እኩል ርቀት ላይ ጣቷን ጠበቋት።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አሏት አባቷ።

«እየቆጠርኩ» አለች።